የማስታገሻው ልክ

በእንግሊዝ አገር ቴዲንግተን በምትባል ደብር ያገለግል የነበረው ቄስ ስቲቨን ሄልስ፣ ከስብከቱና ከጸሎቱ በሚተርፈው ጊዜ የፍጥረትን ሥራ በመለኪያ መመርመር የሚወድ ሰው ስለ ነበር፣ አንዲት ባዝራ በጀርባዋ አስተኝቶ አሳስሮ፣ በጭኗ የደም ሥር ውስጥ የነሐስ ቧንቧ አግብቶ፣ በቧንቧውም ላይ ረጅም የመስተዋት ቱቦ አቁሞ፣ ደሟ በገዛ ኃይሉ ምን ያህል ከፍታ እንደሚወጣ ተመለከተ። ደሙም ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች ያህል ወጥቶ በትርታዋ ልክ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ይህ በ1733 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደም ግፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የታየው እንግዲህ በዚያች ምስኪን ባዝራ ሥቃይ ነው፤ ለሕመሟ የተሰጣት ማስታገሻ አልነበረም፤ ይሰጣት ቢባልም ልኩን የሚያውቅ ሰው በዚያን ዘመን ከወዴት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል አልፎ፣ የ19ኛው መቶ ዓመት ሲጠባ፣ በጀርመን አገር በፓደርቦርን ከተማ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ረዳት የነበረ ፍሪድሪክ ዘርቲውርነር የተባለ ወጣት፣ በኦፒየም ጭማቂ ውስጥ ተሰውሮ የኖረውን እንቅልፍ አምጪ ነገር ከሌላው ሁሉ ለይቶ ነጭ ዱቄት አድርጎ አወጣውና በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ሰየመው። የነገሩ ክብደት የሚገባን፣ ከእርሱ በፊት ሐኪሞች ኦፒየምን ሲያዝዙ የአንዱ ዓመት ምርት ከሌላው፣ የአንዱም አገር ከሌላው በኃይሉ ስለሚለያይ፣ ትናንት ያሳረፈው ጠብታ ዛሬ ሊገድል ይችል እንደ ነበር ስናስታውስ ነው። በሚዛን ሊመዘን የሚችል ማስታገሻ ከተገኘ በኋላ የቀረው ስንት ቢመዘን ይበጃል የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ዘርቲውርነርም ለዚህ መልስ የፈለገው በገዛ ሥጋው ነው። በ1817 ዓ.ም. እንዳሳተመው፣ እርሱና ሦስት ወጣቶች 30 ሚሊግራም ያህል ሞርፊን ዋጡ፤ ጥቂት ቆይተው ደገሙ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም ሠለሱ። ፊታቸው ቀላ፣ ራሳቸው ዞረ፣ ድካሙም ወደ ሞት የሚወስድ መስሎ ስለ ታያቸው ጽኑ ኮምጣጤ ጠጥተው አስመለሱ። የሞርፊን መጠን ፍለጋ የተጀመረው እንደዚህ ነው።

ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በኤተር እንፋሎት አንድ ሕሙም አስተኝቶ እጢው ሲቀደድ ያለ ጩኸት እንዲያልፍለት ባደረገ ጊዜ፣ ዓለም የቀዶ ሕክምና ሥቃይ ያበቃለት መሰለው። በዓመቱ ኤዲንብራ ላይ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን ጨመረበት፤ ሕመምን ማጥፋት የፈጣሪን ፈቃድ መቃወም ነው የሚሉ ሰዎች በተነሡበትም ጊዜ፣ በኦሪት ዘፍጥረት የአዳም ጎን ከመከፈቱ በፊት እንቅልፍ የተጣለበት መሆኑን ጠቅሶ አፋቸውን ዘጋ። ብዙ ሳይቆይ ግን፣ በጥር ወር 1848 ዓ.ም.፣ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግሯን ጥፍር ለማስነቀል ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ሞተች። ለጥፍር ሲሉ ነፍስ ማጥፋት! ይህ ሞት እንቅልፍ የነሣው ጆን ስኖው የተባለው የሎንዶን ሐኪም፣ መድኃኒቱን በመሐረብ ላይ በግምት ማፍሰሱ ቀርቶ በሚሳበው አየር ውስጥ ከመቶው ስንት እጅ እንደሚሆን የሚወስን መሣሪያ ሠራ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 ዓ.ም. ስትወልድ ክሎሮፎርሙን የሰጠም እርሱ ነው። በዚያው ዘመን ኤዲንብራ ውስጥ አሌክሳንደር ዉድ ሞርፊንን በመርፌ ከቆዳ በታች መስጠት ጀምሮ ነበር። እንፋሎቱም ሞርፊኑም ልክ እያገኙ ሄዱ፤ ነገር ግን ሕሙሙ ተኝቶ ሳለ በውስጡ የሚሆነውን ለማወቅ ከጣትና ከዓይን በቀር መሣሪያ አልነበረም።

ለዚህ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ጸጸት ያገኘው ሰው ሃርቪ ኩሺንግ ነው። በ1893 ዓ.ም. ገደማ በቦስተን የሕክምና ደቀ መዝሙር ሳለ ከተማሪዎች መቀመጫ ተጠርቶ ወረደና፣ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ አንጀቱ የታነቀ ሕሙም አሳዩትና አስተኛው ተባለ። ስለ ሕሙሙ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ኤተር ሰጥቶም አያውቅም። እንደ ምንም አስተኝቶት ወደ አዳራሹ ተገፍቶ ከገባ በኋላ፣ መምህሩ ቀዶውን እንደ ጀመረ ከሕሙሙ ሆድ የወጣው ፈሳሽ ወደ ሳንባው ተመልሶ ሰውየው በዚያው ሞተ። ኩሺንግ በከተማው ጎዳና ሲንከራተት ውሎ ሕክምናን ለመተው ካሰበ በኋላ ወደ መምህሩ ቢመለስ፣ ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ አንተን የሚነካህ ነገር የለም ተባለ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከሞቱ ይልቅ ይህ መልስ ነው የሚያስደነግጠው፤ ኩሺንግንም ሳያስደነግጠው አልቀረም፤ ከባልንጀራው ከአርነስት ኮድማን ጋር ሕሙም ሳይታወክ የሚያስተኛ ማን እንደ ሆነ በራት ተወራርደው፣ በየአምስት ደቂቃው የልብ ትርታንና ትንፋሽን በወረቀት ላይ በነጥብ እየጻፉ ያኖሩ ጀመር። ዛሬ በየቀዶ ክፍሉ የሚሞላው የሰመመን መዝገብ የእነዚህ የሁለት ተማሪዎች ውርርድ ልጅ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ሽናይደርሊን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሞርፊንን ከስኮፖላሚን ጋር አብዝቶ በመስጠት ብቻ፣ ያለ ኤተርና ያለ ክሎሮፎርም ቀዶ ሊሠራ እንደሚችል አስታወቀ። ብዙዎች ተከተሉት፤ ዳሩ ግን ትንፋሹ ለቆመ ሕሙም የሚተነፍስለት መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ሞርፊንን ማብዛት ማለት ሟቾችን ማብዛት ስለ ነበር ነገሩ ብዙ ሳይቆይ ተነቀፈና ተተወ። ይህን ውድቀት አንባቢው ቢያስታውሰው ይጠቅመዋል፤ ሰባ ዓመት ሳይሞላ ይኸው ሐሳብ ተመልሶ ይመጣልና።

ኩሺንግ በ1901 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በፓቪያ ሆስፒታል ሲጎበኝ፣ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ሐኪም ከአምስት ዓመት በፊት የሠራው መሣሪያ በየአልጋው ሲሠራበት አየ። በክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ በአየር የሚነፋ የጎማ መቀነትና የሜርኩሪ ቱቦ ነው፤ የሄልስ መስተዋት ያለ ደም መፍሰስ ማለት ነው። ኩሺንግ ሥዕሉን ነድፎ መሣሪያውንም ይዞ ወደ ባልቲሞር ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው ጽሑፍ ለዚህ ታሪካችን ዋነኛው መገናኛ ነው፤ እግር ወይም ክንድ ሲቆረጥ ትልቁ ነርቭ በሚበጠስበት ቅጽበት የሕሙሙ የደም ግፊት እንደሚናወጥ፣ ነገር ግን ነርቩ ከመበጠሱ በፊት ኮኬይን በውስጡ ቢወጋበት ግፊቱ በቦታው ጸንቶ እንደሚቆይ አሳየ። ሕሙሙ በኤተር ተኝቷል፤ ጩኸትም እንቅስቃሴም የለም፤ ሆኖም ሥጋው ምላጩን አውቆታል። እንቅልፍና የሕመም መጥፋት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን በቁጥር የመሰከረው የጎማው መቀነት ነው። ቦስተን ግን ኩሺንግ ራሱ ቀርቦ ካስረዳ በኋላ እንኳ፣ የሐርቫርድ ሐኪሞች ጉባኤ መሣሪያውን መርምሮ የሠለጠነ ጣት ይበቃናል ሲል ፈረደ። በ1905 ዓ.ም. ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በመቀነቱ ሥር በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ካገኘ በኋላ ጉባኤ የሚያግደው አልሆነም።

በእኛ ቋንቋ ማደንዘዣ የሚለው ቃል እንቅልፍን፣ የሕመም መጥፋትንና የጡንቻ መላላትን በአንድ ከረጢት ይከትታቸዋል። በአውሮፓና በአሜሪካም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ አንዱ ኤተር ሦስቱንም ይሠራ ነበርና። ከረጢቱ የተቀደደው በጥር ወር 1942 ዓ.ም. ሐሮልድ ግሪፊትና ኢኒድ ጆንሰን በሞንትሪያል ከደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ የተገኘውን ኩራሬን ለጡንቻ ማላላት በተጠቀሙ ጊዜ ነው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ከጀርመን የወጣው ፔቲዲን ከናይትረስ ኦክሳይድና ከኩራሬ ጋር ተጣምሮ ቀረበ፤ እንቅልፉን ጋዙ፣ የጡንቻውን መላላት ኩራሬው፣ የሕመሙን ነገር ፔቲዲኑ ይሸከሙ ጀመር። ከዚህም ታላቅ ጥቅምና ታላቅ አደጋ መጣ፤ ጡንቻው የተፈታ ሰው ቢነቃና ቢያመው እንኳ ጣቱን አያነሣም፤ ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስለ ሕሙሙ የሚመሰክሩት የደም ግፊቱ፣ የልብ ትርታው፣ በግንባሩ ላይ የሚወጣው ላብና ከተዘጋው ዓይኑ የሚንጠባጠበው እንባ ብቻ ሆኑ።

በቤልጅግ አገር በቤርሰ መንደር ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ አቁሞ የፔቲዲንን ቅርጽ በብልሃት እየለዋወጠ ሲፈትሽ፣ በ1960 ዓ.ም. ከሞርፊን መቶ እጥፍ ያህል የሚበረታ ፌንታኒል የተባለ መድኃኒት አገኘ። ከዚህ ወዲህ መመዘኛው ከሚሊግራም ወደ ማይክሮግራም፣ ማለት ወደ ሺህኛው እጅ፣ ወረደ።

ታላቁ ድፍረት ግን የመጣው ከአሮጌው ከሞርፊን ነው። በቦስተን የልብ በራቸው የታመመ ሰዎች ቀዶ ከተደረገላቸው በኋላ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሲያድሩ፣ መሣሪያውን እንዳይታገሉት ሞርፊን በብዙ ይሰጣቸው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ልባቸው እጅግ የደከመ፣ ጥቂት ጋዝ ቢሰጣቸው ግፊታቸው የሚወድቅ ሰዎች፣ ያን ሁሉ ሞርፊን በሰላም ተሸከሙት። ኤድዋርድ ሎወንስታይንና ባልንጀሮቹ ይህን አይተው፣ በኋላ የሚጠቅም ከሆነ ስለ ምን ከመጀመሪያው አይሰጥም? ብለው ጠየቁ። በ1969 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ለልብ ቀዶ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም ሞርፊን በአንድ ኪሎ ክብደት መስጠታቸውን ጻፉ። ይህን ወደ ሰው ቁመና እንመልሰው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተለመደው የማስታገሻ መርፌ 10 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ እነርሱ እስከ 210 ሚሊግራም ሰጡ ማለት ነው። በኪሎ 1 ሚሊግራም ቀስ ብሎ በደም ሥር የገባላቸው የልብ በር ሕሙማን ልባቸው የሚገፋው ደም ጨመረ እንጂ አልጎደለም። ሽናይደርሊንን የጣለው የትንፋሽ መቆም አሁን አላስፈራም፤ መሣሪያው ይተነፍስላቸው ነበርና። ስለዚህ አስተማማኝ መጠን የሚባለው ነገር በመድኃኒቱ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ በአልጋው አጠገብ በቆመው መሣሪያም ይወሰናል።

ይሁን እንጂ ሞርፊን ጉድለቱን አልሸሸገም። ፈጥኖ ሲሰጥ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሰውነት ውስጥ እየቀሰቀሰ ቆዳን ያቀላል፣ የደም ሥሮችን ያላላል፣ ግፊትንም ይጥላል፤ የወደቀውን ለማንሣት ብዙ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚከፋው፣ አንዳንዱ ሕሙም ከቀዶው በኋላ የሰማውን ሲናገር ተገኘ፤ ማስታገሻ ቢበዛም እንቅልፍን አይተካም። በዩታ የነበሩት ስታንሌይና ዌብስተር በ1978 ዓ.ም. በኪሎ እስከ 100 ማይክሮግራም የሚደርስ ፌንታኒል ከኦክሲጅን ጋር ብቻ ሰጥተው የልብ ቀዶ ሲያሠሩ ግፊቱ ጸንቶ ቆየ፤ በ1982 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናትም ፌንታኒል ያን ያህል ሲበዛ እንኳ እንደ ሞርፊን ሂስታሚን እንደማይቀሰቅስ አረጋገጠ። ዋጋው ግን ሕሙሙ ከነገ በፊት በራሱ የማይተነፍስ መሆኑ ነው፤ ለልብ ቀዶ ይህን ይታገሡታል፤ ለሐሞት ከረጢት ግን ማን ይታገሠዋል?

በመካከሉ፣ በ1981 ዓ.ም.፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሮይዘንና ጓደኞቹ ጥያቄውን በሌላ መልክ አቀረቡት፤ ምላጩ ቆዳውን ሲከፍት ሕሙሙ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው የጋዝ መጠን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ግፊቱና ኖርአድሬናሊኑ ከፍ እንዳይሉ የሚያደርገው ስንት ነው? መልሱ ሃሎቴን ለተባለው ጋዝ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሥጋ ከመንቀሳቀስ ከተከለከለ በኋላ ልብ ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፤ ያንን ትርፍ በጋዝ ብቻ ማፈን ደግሞ ምላጩ ዕረፍት ባደረገ ጊዜ ግፊቱን ወደ ገደል መግፋት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከሆላንድ ከላይደን ከተማ የወጣው ጥናት ግን ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚስብ ነው። አውዜምስ፣ ሐግ፣ ስታንስኪና ቡርም የተባሉት ሊቃውንት አልፌንታኒል የተባለውን ቶሎ የሚሠራ ቶሎም የሚለቅ የያንሰን ቤት መድኃኒት ከናይትረስ ኦክሳይድ ጋር እየሰጡ፣ ምን ያህል ተሰጠው ብለው ሳይሆን በዚያች ሰዓት በደሙ ውስጥ ምን ያህል አለ ብለው ጠየቁ። በክፍሉ ውስጥ ቆመን እንያቸው፤ የላይኛው ግፊት ከሕሙሙ ልማድ ከ15 ሚሊሜትር በላይ ቢወጣ፣ ወይም ልቡ በደቂቃ ከ90 በላይ ቢመታ፣ ወይም ቢያልበው፣ ቢያነባ፣ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ፣ መድኃኒቱ አነሰ ይሉና ይጨምራሉ፤ ሩብ ሰዓት ያለ ምልክት ካለፈም በዛ ይሉና ይቀንሳሉ፤ በየጊዜውም ደም ቀድተው ያኖራሉ። ከሕሙማኑ እኩሌታው ምላሽ እንዳያሳዩ የሚበቃው መጠን፣ ቱቦ ወደ ጉሮሮ ሲገባ በአንድ ሚሊሊትር 475 ናኖግራም፣ ቆዳ ሲከፈት 279፣ ቆዳ ሲሰፋ 150 ሆነ፤ በጡት ቀዶ 270፣ በላይኛው ሆድ ውስጥ ግን 412። እስቲ እነዚህን ቁጥሮች ደግመን እንመልከታቸው፤ ሰውየው አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ሲሆን፣ ለማለዳው በቂ የነበረው ለቀትሩ ሦስት እጥፍ ይተርፋል። ዘርቲውርነር በሚዛን ሊይዘው የፈለገው ልክ የምላጩን ጉዞ እየተከተለ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ኖሯል።

በሚቀጥለው ዓመት የኦክስፎርዱ ኬ. ጄ. ኤስ. አናንድ ከባልንጀሮቹ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ሐኪሞችን አሳፈረ። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ሕመም በሙሉ አይሰማቸውም፣ ማስታገሻም ግፊታቸውን ይጥለዋል በሚል ፍርሃት፣ ለልባቸው ቅርብ የሆነ የደም ሥር ሲታሰርላቸው ናይትረስ ኦክሳይድና ኩራሬ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። አናንድ ከቀዶ ክፍል የሚመለሱት ሕፃናት ከሄዱት ይልቅ ደክመው መምጣታቸው አሳስቦት፣ ለእኩሌቶቹ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ፌንታኒል አስጨመረ። ያልተጨመረላቸው ደማቸው በአድሬናሊን፣ በኖርአድሬናሊንና በስኳር ተጥለቅልቆ ተገኘ፤ ከቀዶው በኋላም የልብና የደም ዝውውር መታወክ የበዛው በእነርሱ ላይ ነው። ግፊታቸውን ይጥለዋል ተብሎ የተፈራው መድኃኒት እርሱ ራሱ ደገፋቸው፤ መናገር የማይችል ሕፃን ለብዙ ዓመት ሳይጠየቅ የተመሰከረበት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ሂዩዝና ጓደኞቹ የደም ሥር መድኃኒት ከተቋረጠ በኋላ እኩሌታው ከደም እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ በተሰጠበት ሰዓት ርዝመት እንደሚለወጥ አሳዩ፤ ፌንታኒል ለብዙ ሰዓት ሲፈስ በሥጋ ውስጥ እየተከማቸ ለመውጣትም ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ሬሚፌንታኒል ግን በደምና በሥጋ ውስጥ ባሉ ኤንዛይሞች ወዲያው ስለሚፈርስ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሰጥ ለስምንት፣ በሦስት በአራት ደቂቃ እኩሌታው ይጠፋል። ላይደኖች ያዩትን ወጪና ወራጅ ልክ እግር በእግር የሚከተል መድኃኒት ተገኘ። ግን እርሱም ቢሆን ፈጥኖ ከተገፋ ልብን ያዘገያል፣ ደረትን እንደ እንጨት ያደርቃል፤ ሚንቶ የተባለው ተመራማሪም በ1997 ዓ.ም. ለአረጋውያን የመጀመሪያው መርፌ በእኩሌታ፣ ቀጥሎ የሚፈሰውም ለወጣት ከሚሰጠው ወደ ሢሶው መውረድ እንዳለበት አሰላ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ዳንኤልና ጓደኞቹ በኪሎ 1.5 ማይክሮግራም ፌንታኒል ብቻ፣ ምላጭ ሲነካ ግፊት እንዳይነሣ የሚያስፈልገውን የዴስፍሉሬን ጋዝ ከሢሶው እምብዛም ወደማይበልጥ መጠን እንደሚያወርደው፣ ወደ 3 ቢታጠፍ ግን የሚጨመር ጥቅም እንደሌለ አሳዩ። ከመቶው ማይክሮግራም እስከ አንድ ተኩሉ ሃያ ዓመት ፈጀ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ወደ ሌላው ጥግ አዘንብሎ፣ ከኦፒየም ዘር አንዳች ሳይሰጥ ማስተኛት ይሻላል የሚሉ ተነሥተዋል። በፈረንሳይ ሬሚፌንታኒልን ከኦፒየም ዘር ካልሆነው ከዴክስሜዴቶሚዲን ጋር ያወዳደረው ጥናት ውጤቱ በ2021 ዓ.ም. ሲታተም፣ ዴክስሜዴቶሚዲን ከተሰጣቸው መካከል የጥቂቶች ልብ እጅግ ስለ ዘገየ ጥናቱ ሳይፈጸም መቆሙን አስታወቀ።

የሬሚፌንታኒል ፈጥኖ መጥፋት ያመጣው አንድ ጣጣ አለ። መድኃኒቱን የሚያፈሰው ፓምፕ በቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ሕሙሙ ይነቃል፤ ሕመሙም ሳይቀንስ አብሮት ይነቃል፤ ግፊቱም ያን ሁሉ ሰዓት በማይክሮግራም ተጠብቆ ከቆየበት ባንድ ጊዜ ወደ ላይ ይተኮሳል። ስለዚህ ቀዳጁ ሐኪም የውስጡን ስፌት ጨርሶ ወደ ቆዳው ሲቃረብ፣ ሰመመን ሰጪው ዓይኑን ከግፊቱ ቁጥር ሳያነሣ፣ ፓምፑን ከማቆሙ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ፣ በሌላ መርፌ ጥቂት ሚሊግራም ሞርፊን ቀስ አድርጎ ይገፋለታል።